የሕይወት ትርጉም መሻት የጠገበ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም፦ «መጀመሪያ ኑሮ፣ ቀጥሎ ትርጉም» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ «መጀመሪያ ኑሮ፣ ቀጥሎ ትርጉም» የሚል መልእክት ይዞ ወጥቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የሰው ፍላጎት እንደ ፒራሚድ በደረጃ የተደረደረ ስለሆነ ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት ያልተሟላለት ሰው ስለ ሕይወቱ ትርጉም መጠየቁ ጊዜ ማባከን ነው። ትርጉም የሚባለውም ያው ደስታ ነው፤ ደስታን ደግሞ ገቢና ሽልማት ያመጡታል። ባይመጣም አያሳስብም፣ ሰው ሁሉን ይለምዳልና። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት «ውስጤ ባዶ ነው» የሚል ካለ ከሰው ሳይጠብቅ መልሱን ብቻውን ከራሱ ውስጥ ያውጣ። ኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ሆኖ ትርጉም ካላጣ፣ በሰላም እየኖረ ያጣ ሰው ሰነፍ ነው።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስለኛል። «የተቸገረን ሰው በስብከት አታድክሙት» የሚለው ቁጣቸው የእኔም ቁጣ ነው። ነገር ግን ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች አብዛኞቹ የሚሉት እሳቸው ያሉትን አይደለም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ተቃራኒውን ይናገራሉ። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ኑሮውም ልቡም የደከመ ሰው ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ሁለት ጊዜ እንዲያፍር ይደረጋል፤ አንዴ «አንተ ገና ለዚህ ጥያቄ አልደረስክም» ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ ጥያቄውን ብቻውን ባለመመለሱ ሰነፍ ተብሎ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

«ፍላጎት ደረጃ አለው፤ ትርጉም የመጨረሻው ነው»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ።

የፒራሚዱ ባለቤት የሚባለው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎው ስለ ፍላጎቶች ቅደም ተከተል ያቀረበውን ሐሳብ ያሳተመው በ1943 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው)። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም። ዛሬ በየሥልጠናው የሚታየው ባለ አምስት ደረጃ ሥዕል ከዓመታት በኋላ ሐሳቡን ለድርጅት አስተዳደር ያዋሉ ሰዎች ያመጡት ነው። ሥዕሉ ማስሎው ያላለውን ነገር አስባለው፤ ታችኛው ደረጃ ሙሉ በሙሉ ካልሞላ ላይኛው የማይነካ አስመሰለው። እሱ ግን ቅደም ተከተሉ የሚመስለውን ያህል ግትር እንዳልሆነ እዚያው ጽሑፍ ላይ አስጠንቅቋል። ማሳያ እንዲሆን ብሎ ከራሱ ባስቀመጠው ግምት፣ አንድ ተራ ሰው የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደኅንነቱ 70 በመቶ፣ ፍቅሩ 50 በመቶ፣ ክብሩ 40 በመቶ፣ ያለውን አቅም እውን የማድረግ ፍላጎቱ ደግሞ 10 በመቶ ተሟልቶለት ሊኖር ይችላል። ቁጥሮቹ በመለካት የተገኙ አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ፍላጎቶቻችን ሁሉ በአንድ ጊዜ በከፊል ሞልተው በከፊል ጎድለው አብረውን ይኖራሉ። ላመኑበት ነገር ሲሉ ሁሉን የሚተዉ ሰዎች መኖራቸውንም ከቅደም ተከተሉ ወጣ ካሉት ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ማስሎው ሐሳብ አቀረበ እንጂ በብዙ አገር አልፈተነም ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ከተፈተኑት አንዱን እንይ። ሉዊስ ቴይ እና ኤድ ዲነር በ2011 ባወጡት ጥናት ከ123 አገሮች የተሰበሰበ ከ60,000 በላይ ሰዎች መረጃ መርምረዋል። ለጸሐፊው የሚያግዝ ውጤት አለበት፤ መሠረታዊ ፍላጎቶች ከሌሎቹ ቀድመው የመሟላት አዝማሚያ አላቸው፣ ሰዎች ሕይወታቸውን በጥቅሉ ሲመዝኑም ከፍተኛውን ክብደት የያዙት እነዚሁ ናቸው። ይህን ልሸፍነው አልፈልግም። ነገር ግን ወዳጅ ያለው፣ የሚከበር፣ በጉዳዩ ላይ ራሱ የሚወስን ሰው ከእነዚህ ነገሮች የሚያገኘው ጥቅም መሠረታዊ ፍላጎቱ እስኪሟላ የሚጠብቅ ሆኖ አልተገኘም። የዕለት ተዕለት መልካም ስሜት እንዲያውም ይበልጥ የተያያዘው ከሰው ጋር ካለ ግንኙነትና ከመከበር ጋር ነው። ሌላም ነገር ታይቷል፤ የአንድ ሰው መልካም ኑሮ በራሱ ጓዳ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ሰዎች ፍላጎት በመሟላቱም ላይ ይመሠረታል። የጸሐፊው ፒራሚድ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የቆመ ስለሆነ ይህን የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም።

ስለ ትርጉም በቀጥታ የተጠየቀበት ጥናትም አለ። ሺገሂሮ ኦይሺ እና ዲነር በ2014 የ132 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው ነበር። ጥያቄው «ሕይወትህ አስፈላጊ ዓላማ ወይም ትርጉም እንዳለው ይሰማሃል?» የሚል ነው። «አዎ» የሚሉት ሰዎች ድርሻ ከፍ ብሎ የተገኘው በድሃ አገሮች ነው፤ ለልዩነቱም የሃይማኖት ሕይወት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ጸሐፊው ልክ ቢሆኑ ኖሮ ውጤቱ ተገልብጦ መገኘት ነበረበት። በዚህ ተነስቶ ግን ድህነትን የሚያወድስ ሰው ቢመጣ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሟገተዋለሁ። በእነዚያው አገሮች ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ በጣም ዝቅተኛ ነበር። ትርጉም ያለው ሰው አይርበውም ማለት አይደለም። የተራበ ሰው ትርጉም የለውም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው።

ለጸሐፊው አቋም ጠንካራው ማስረጃ፣ የሚገርመው፣ እሳቸው ያልጠቀሱት ነው። እኔ ልጥቀስላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 1945፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶችን ይዞ ረኀብ በአካልና በአእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ አጠና። ሰዎቹ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ጦም እንዲቆዩ ተደርጎ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ። አእምሯቸው ጠበበ። ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ። አንዳንዱ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እየሰበሰበ የማያበስለውን ምግብ ሲያነብ ይውል ነበር፤ አንዳንዱ የቀረበለትን ጥቂት ምግብ እየቆራረሰ ለረጅም ሰዓት ያራዝመዋል፤ ሳህን ይላሳል። ፍቅር፣ ጨዋታ፣ ትምህርት ጣዕማቸው ጠፋ። ረኀብ ሰውን ከሌላው ነገር ሁሉ እንደሚነጥቅ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ግን እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? በእምነታቸውና በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አንሸከምም ያሉ ወጣቶች ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ በጦርነቱ የተራቡ ሕዝቦችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ይጠቅማል ስለተባሉ በፈቃዳቸው ገቡ። ምግብ ከፊታቸው እያለ፣ ከበሩ ውጭ እንደልብ እየተሸጠ፣ አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ጸኑ። በፒራሚዱ ሕግ ከሄድን ታችኛው ደረጃ ሲናድ ዓላማቸው አብሮ መናድ ነበረበት። የሆነው ግን ዓላማው ረኀቡን ተሸክሞ ቆየ። (መከራው የሚያበቃበትን ቀን ያውቁ ነበር፤ ሳይወድ ከሚራብ ሰው ጋር ማወዳደር ጭካኔ ይሆናል።) ሙከራው ሁለቱንም እውነት ይዟል። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ይዘው ሮጡ።

«ትርጉም ማለት ደስታ ነው»

ይህ ብዙ አያቆየንም። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት 397 ሰዎችን ሕይወታቸው ምን ያህል ደስተኛ እንደሆነና ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ለየብቻ ጠየቁ። ሁለቱ በአብዛኛው አብረው ይሄዳሉ፤ የሚለያዩበት ቦታ ግን ብዙ ነው። ፍላጎቱ የተሟላለት፣ ገንዘብ ያለው፣ ጤናማ የሆነ ሰው ይበልጥ ደስተኛ ነው፤ እነዚህ ነገሮች ግን ከትርጉም ጋር ያላቸው ግንኙነት እጅግ ደካማ ነበር። ለሌሎች መስጠት፣ ያለፈንና የሚመጣን ማሰብ፣ ጭንቀትና ውጥረት እንኳ ሳይቀሩ ትርጉም ካለው ሕይወት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ጥናቱ አንድ ብቻ ነው፤ ምክንያትና ውጤትንም አይለይም። ነገር ግን ከማንም ሕይወት ጋር ይገጥማል። የታመመ ልጇን ታቅፋ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠች እናት «አሁን ደስ ብሎሻል?» ብትባል ጥያቄው ራሱ ይከብዳታል። «እዚህ መቀመጥሽ ትርጉም አለው?» ቢሏት ግን መልስ ለመስጠት አታመነታም።

በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ትርጉም ሲናገሩ በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይለያሉ፤ ሕይወት ስትታይ የሚገባ መልክ ያላት መሆኗን፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ መኖሩን፣ እንዲሁም መኖራቸው ለአንድ ነገር ዋጋ ያለው መሆኑን። ከሦስቱ አንዱም «ደስ አለኝ» ከሚል ስሜት ጋር አንድ አይደለም። ሰው አዝኖ ሦስቱም ሊኖሩት ይችላሉ፤ እየሳቀ ሦስቱም ሊጠፉበት ይችላሉ።

«ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ገቢና ሽልማት ነው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ «ሥራ ማለት ደመወዝ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው» ብለዋል። በ1930ዎቹ መባቻ በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙም በማትርቅ ማሪየንታል በተባለች መንደር የሆነውን ቢያውቁ ይህን ዓረፍተ ነገር ባልጻፉት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማሪየንታል የቆመችው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ በሞላ ጎደል ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ እና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ገብተው አጠኑትና ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ሰዉ ለተወሰነ ጊዜ የሥራ አጥ ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ችግሩ ከባድ ቢሆንም የዕለት ጉርስ ፈጽሞ አልጠፋም። ትርፍ ጊዜ ግን ሞልቷል። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ይህን ጊዜ ለማንበብ፣ ለፖለቲካ ክርክር፣ ለማኅበር ሥራ ያውሉታል ብለው ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም፤ መንደሩ ቀድሞ በእነዚህ የታወቀ ነበርና። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከቤተ መጻሕፍት የሚወሰደው መጽሐፍ ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ለዚያውም መጽሐፍ መዋስ በነፃ ሆኖ እያለ። ሰዓት ማሰር የተዉ ወንዶች በዙ። ተመራማሪዎቹ መስኮት ጥግ ተደብቀው ሰዎች መንገዱን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያቋርጡ ለኩ፤ ወንዶቹ ቀስ ይላሉ፣ በየመሐሉም ይቆማሉ። የሚጠብቃቸው ነገር የለም። ውሏቸውን በሰዓት በሰዓት እንዲመዘግቡ ሲጠየቁ አብዛኛው ሰዓት ባዶ ነው። አንዱ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ቦታ ላይ የጻፈው «እስከዚያው እኩለ ቀን ይሆናል» የሚል ነበር።

ሴቶቹ ከገንዘብ እጦቱ እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ ተጎድተዋል። ነገር ግን ፈጥነው ይራመዱ ነበር፤ ቀናቸውም ባዶ አልነበረም። ልብስ መጣፍ፣ በሌለ ገንዘብ ምግብ ማብቃቃት፣ ልጅ ማሳደግ ይጠብቃቸዋል። ፋብሪካው ውስጥ የሠሩት ብዙዎቹ ሥራው ቢከብዳቸውም ወደዚያ ለመመለስ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። የቤት ሥራን ሸክም እያሞገስኩ አይደለም፤ የወንዶቹ ሸክም ሲወርድ አብሮ የወረደውን ነገር ማየት ነው የምፈልገው። ያሆዳ በኋላ ዘመን ሥራ ከደመወዝ በተጨማሪ ለሰው የሚሰጠውን ስትዘረዝር፣ ቀንን የሚከፋፍል ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኛ፣ ከራስ የሚያልፍ የጋራ ዓላማ፣ በሰው መሐል ስፍራ፣ ዘወትር የሚሠራ ነገር ብላለች። ድጎማ ጉርሱን ይተካል፤ እነዚህን አይተካም። ገቢ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የማሪየንታል ወንዶች ቢያንስ መጽሐፍ ያነቡ ነበር።

ሽልማትን በተመለከተ ደግሞ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን «ከሣላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ጥብጣብ ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው፤ ሁለተኛውን ሳያስቡት ሸለሙ፤ ሦስተኛውን ምንም አላሉም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሞቹ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲቀመጡ፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የሣሉት ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ክፉው ሽልማቱ አይደለም። ልጁ ራሱ የመረጠው ነገር የሌላ ሰው ማዘዣ ሲሆን ነው የሚሞተው። ሠራተኞቻቸውን በጉርሻ ብቻ ለማነቃቃት የሚደክሙ አለቆች ይህችን ልዩነት ቢያስተውሏት መልካም ነው።

«ሰው ሁሉን ይለምዳል»

በመጀመሪያ፣ ይህ ነጥብ ከቀዳሚው ጋር ይጋጫል። ሰው ሁሉን የሚለምድ ከሆነ ገቢም ደስታ አያመጣም ማለት ነው፤ ጸሐፊው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። «ሎተሪ የደረሳቸውና በአደጋ ሽባ የሆኑ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እኩል ደስተኛ ሆነው ተገኝተዋል» ብለው ጽፈዋል። ይህ አባባል በየመድረኩ ስለሚደጋገም በእሳቸው ብቻ አልፈርድም፤ ግን ስሕተት ነው። ምንጩ ፊሊፕ ብሪክማን እና ባልደረቦቹ በ1978 ያሳተሙት ጥናት ነው። የተጠየቁት 22 ሎተሪ የደረሳቸው፣ 22 ለማነጻጸሪያ የተመረጡ፣ 29 ደግሞ በአደጋ ሽባ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ባለ ሎተሪዎቹ የአሁን ደስታቸውን 4.00፣ ማነጻጸሪያዎቹ 3.82፣ አደጋ የደረሰባቸው 2.96 ብለው ሰጡ። ሎተሪው ብዙም አልጨመረም፤ ይህ ትክክል ነው። አደጋው ግን በግልጽ ቀንሷል። ከተጠበቀው በላይ ተቋቁመውት ይሆናል፤ «እኩል ሆኑ» ማለት ግን የጥናቱን ቁጥር አለማንበብ ነው። አካሉ የተጎዳን፣ ልጅ የሞተበትን፣ ከቀዬው የተፈናቀለን ሰው «ትለምደዋለህ» ብሎ ማለፍ በሳይንስ ስም የሚደረግ ግፍ ይሆናል።

«መልሱን ብቻህን ከውስጥህ አውጣ»

ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን ለአሥርተ ዓመታት ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ለሰው ሁሉ መሠረታዊ የሆኑ ሦስት የሥነ ልቦና ፍላጎቶችን አስቀምጠዋል፤ በራስ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ ችሎታ እንዳለው መሰማት፣ ከሌሎች ጋር መቀራረብ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጠቅሰው «ራስን መቻል ማለት ማንንም አለመፈለግ ነው» ብለው ተረጎሙት። ዴሲና ራያን የሚሉት ይህን አይደለም። በራስ ፈቃድ መንቀሳቀስ ማለት የማደርገውን ነገር አምኜበት ማድረጌ ነው። አምኜበት እናቴን ላስታምም እችላለሁ፤ አምኜበት ከጓደኛዬ እርዳታ ልጠይቅ እችላለሁ። በተቃራኒው ማንም ሳይኖረኝ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ በፍርሃት ወይም በይሉኝታ እየተነዳሁ መኖርም ይቻላል። ሦስቱ ፍላጎቶች ደግሞ አንዱ ሲጎድል ሌላው ደርቦ የሚሸፍነው ዓይነት አይደሉም።

ብቻ የመሆን ጉዳት የስሜት ብቻ አይደለም። ጁሊያን ሆልት-ለንስታድ እና ባልደረቦቿ በ2010 የ148 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ጸሐፊው ያላዩት የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። ሰው መወደድ ብቻ ሳይሆን መፈለግም ያስፈልገዋል። ኤለን ላንገር እና ጁዲት ሮዲን በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ስለ ዕለታዊ ኑሯቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ነገሯቸው፤ አንድ አንድ የአትክልት ማሰሮም ሰጥተው «ውኃ የምታጠጡት እናንተ ናችሁ» አሏቸው። ሌላው ፎቅም አትክልት አግኝቷል፤ የሚያጠጡት ግን ነርሶቹ ናቸው፤ ሌላውንም ነገር ሠራተኞቹ እንደሚያሟሉላቸው በደግነት ተነገራቸው። ከሳምንታት በኋላ ንቁና ተጫዋች ሆነው የተገኙት ኃላፊነት የተሰጣቸው ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሊጫንበት አይገባም። ግን ሁለቱም ፎቅ ተመግቧል፣ ሁለቱም ታክሟል፣ ሁለቱም በደግ ቃል ተይዟል። ልዩነቱ አንዱ ፎቅ ላይ ያለ እነሱ እጅ የሚደርቅ ነገር መኖሩ ነበር። ለዚህ ነው ትርጉምን ከራሳችን ውስጥ ቆፍረን የምናወጣው አድርጎ ማቅረብ የማልቀበለው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእኛ ውጭ፣ እኛን በሚፈልግ ነገር ላይ ነው።

«ፍራንክል ከቻለ ሁሉም ይችላል»

ቪክቶር ፍራንክል በ1942 ከቤተሰቡ ጋር ቴሬዚንሽታት ወደተባለው የናዚ ካምፕ ተጋዘ፤ በ1944 ወደ አውሽዊትዝ፣ ከዚያም በዳካው ሥር ወደነበሩ ካምፖች ተወሰደ። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አለቁ። ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞት የነበረውን የመጽሐፍ ረቂቅ አውሽዊትዝ ላይ ተነጠቀ፤ በኋላ በተስቦ ትኩሳት እየነደደ በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ መልሶ ለመጻፍ ሞከረ። ጸሐፊው ይህን ታሪክ የወደዱት እኔም በምወደው ምክንያት ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የፍራንክል አይደለም።

ፍራንክል ፈቃደ ጽኑ የሆነ ሁሉ ይተርፋል አላለም። ከመካከላቸው ምርጦቹ እንዳልተመለሱ ጽፏል፤ የተረፉትም በዕድል፣ በአጋጣሚ፣ አንዳንዴም ክፉ በመሆን ጭምር እንደተረፉ አልሸሸገም። መከራ ለትርጉም ያስፈልጋል አላለም። ትርጉም በሥራና በመፍጠር፣ በፍቅርና በጎ ነገርን በመቅመስ ይገኛል፤ ከዚያም ማምለጥ የማይቻል መከራ ሲመጣ በምንይዘው አቋም። ሊወገድ የሚችልን መከራ ዝም ብሎ መሸከም ጀግንነት ሳይሆን ራስን ማሠቃየት ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ የእሱን ስም ይዞ በኑሮ ለተጎዳ ሰው «ቻለው» ማለት ቃሉን ገልብጦ መጥቀስ ነው።

ደግሞ የሰውየውን ሥራ ልብ እንበል። ከጦርነቱ በፊት፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በቪየና ለተጨነቁ ወጣቶች ነፃ የምክር ጣቢያዎችን ያቋቋመ ነው። በቴሬዚንሽታትም አዲስ ለሚመጡ፣ በድንጋጤ ለደነዘዙ እስረኞች እርዳታ የሚሰጥ ቡድን አደራጅቷል። ትርጉም ብቻውን ከውስጥ የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ የምክር ጣቢያ ምን ያደርግለት ነበር? ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ከሌላ ሰው ፊት ተቀምጦ ያ ሰው ማን እንደሚጠብቀው፣ ምን ሥራ እንደቀረው እንዲያይ መርዳት ነው። ጸሐፊው «ስንፍና» ያሉትን ነገር ፍራንክል እርዳታ የሚገባው ጭንቀት አድርጎ ነው የያዘው።

ስለ መጨረሻው ምክር

ጽሑፉ የሚያበቃው «ባዶነት የተሰማህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገቢህን አስተካክል፤ ጥያቄውን ያኔ ትመለስበታለህ» በሚል ምክር ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም አንቀጽ ጎጂው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ሌላውን ዘልሎ የሚያነበውም እሱን ነው። ባዶነት የተሰማውን ሰው ከመምከር በፊት መጠየቅ ይገባል። የራስህ የምትለው ውሳኔ አለህ? የምትችለውን ነገር የምታሳይበት ቦታስ? ብትቀር የሚፈልግህ ማነው? ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ መነሻውም እዚያው ነው። ገቢ ፈልግ ማለትም መልስ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው የጎደለው እሱ ከሆነ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ከሦስቱ አንዱም ሳይጎድል ባዶነቱ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የከበደው፣ ቀድሞ ይወደው የነበረው ሁሉ የማይጥመው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ የተዛባበት፣ ራሱን እንደ ሸክም የሚቆጥር፣ ሞትን የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ፍልስፍናም የገቢ ምክርም አይደለም። ይህ የድባቴ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው። ሞትን እስከማሰብ የደረሰ ሰው ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው መናገር፣ ወደ ጤና ተቋምም መሄድ አለበት፤ አጠገቡ ያለ ሰውም ብቻውን ሊተወው አይገባም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አርመው የሚያወጡት ከሆነ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉት እንኳ፣ «ስንፍና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጥተው ይህን እንዲያስገቡበት እለምናቸዋለሁ።